የእትዬ ተራ

እትዬ በዚያ ዘመን የቀራቸው ምኞት አንድ ነበር፤ የሚካኤል ጽዋ በገዛ ስማቸው፣ በገዛ ቤታቸው እንዲያድር። ስማቸውን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ በሰበካችን ማንም በስም ሲጠራቸው ሰምቼ ስለማላውቅ እኔም ዛሬ አልጠራቸውም። ስም የምንጨምረው ሌሎቹን እትዬዎች ለመለየት ነበር። እሳቸው እንዲሁ እትዬ ነበሩ።

ነገሩ የሆነው ካልጋሪ በነዳጅ በሰከረችበት ጊዜ ነው። እኛ «ቡም» እንለው ነበር። ሰው ከቶሮንቶም ከዊኒፔግም ዕቃውን መኪናው ላይ ጭኖ ይመጣል፤ ዛሬ የገባ በማግስቱ ሥራ ይይዛል፣ በሳምንቱ ሁለተኛ ሥራ ይጨምራል። ያኔ ሥራ ነበር ሰው የሚፈልገው። ባሌም እንደ ብዙዎቹ ወንዶች ወደ ሰሜን፣ ወደ ፎርት ማክመሪ ይወጣና ካምፕ ውስጥ እያደረ ይሠራል። ሁለት ሳምንት እዚያ ሰንብቶ ለአንድ ሳምንት ይመጣል፤ ከዚያች ሳምንት ግማሿን ይተኛታል። እኔ ፔንብሩክ ሜዶውስ የሚባል ሰፈር እየኖርኩ የተማሪ አውቶቡስ እነዳ ነበር። ጠዋት ልጆቹን አደርሳለሁ፣ ከሰዓት እመልሳለሁ፣ መሀሉ የራሴ ነው።

የራሳችን ቤተ ክርስቲያን አልነበረንም። አንድ የእንግሊዞች ሰበካ ከቀይ ጡብ የተሠራች ቤተ ክርስቲያኑን ከነምድር ቤቷ አከራይቶን ነበር። እኛ ጠዋት ቀድሰን ስንወጣ እነሱ ከሰዓት ይገባሉ። እነሱ ስል ጥቂት አሮጊቶችና አንድ ሽማግሌ ማለቴ ነው። እኛ ደረጃው ላይ እየተጋፋን ስንወጣ፣ ሽማግሌው በሩን ይዘው ቆመው እያንዳንዳችንን «ደህና ዋሉ» ይሉናል። ቁልፉም፣ ማሞቂያውም፣ ወንበሩም በእሳቸው እጅ ስለነበር እትዬ «የእንግሊዞቹ ገበዝ» አሏቸው፤ ስሙ በዚያው ጸናባቸው።

ገበዙ የተወለዱት እንግሊዝ አገር፣ በግ ከሰው በሚበዛበት የገጠር መንደር ነው። ወሬ ይወዳሉ፤ እኔም እወዳለሁ። ምድር ቤቱን ስናጸዳ ስለ ልጅነታቸው ሰበካ ያጫውቱኛል። ደወል የሚደውሉ ሰዎች የራሳቸው ማኅበር ነበራቸው። ሰው ሲሞት ሬሳውን የሚሸከመው በተራ ነው፤ ቅር ያለው ጎረቤት ቢሆን እንኳ ተራው ከደረሰ ይሸከማል። መከር ሲገባ ደግሞ ሰበካው በሙሉ በአንድ ገበሬ ቤት ራት ይበላል፣ በዓመቱ ወደሚቀጥለው ገበሬ ይዞራል። «ይኼማ የእኛው እድርና ጽዋ ነው!» እልና ለእትዬ እተረጉምላቸዋለሁ። እትዬም «አየሽ፣ እነሱም ሰዎች ነበሩ» ይላሉ። ምን ለማለት እንደፈለጉ ጠይቄያቸው አላውቅም።

እትዬ አገር ቤት ሳሉ ጽዋው ቤታቸው የሚገባው በባላቸው ስም ነበር። ባላቸው ሲያርፉ በእትዬ ታላቅ ወንድም ሆነ። ልጃቸው ካናዳ አስመጥቷቸው እዚሁ ካልጋሪ፣ ሞንተሬይ ፓርክ ሰፈር አብረውት ሲኖሩ ደግሞ በልጃቸው። ጠላውን የሚጠምቁት እሳቸው፣ ድፎውን የሚደፉት እሳቸው፣ «እገሌ ግሩም አድርጎ ደገሰ» የሚባለው ሌላ ሰው። «ዕድሜ ልኬን በሰው ተራ ስደግስ ኖርኩ» ይሉ ነበር እየሳቁ፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ልጃቸው ሥራ ተከትሎ ከነሚስቱ ኤድመንተን ሲገባ እሳቸው አልሄድም ብለው ቀሩ። ከእኔ ቤት በማይርቅ የአረጋውያን ሕንጻ ላይ አንዲት ትንሽ አፓርታማ አገኙ። ቁልፉን በተቀበሉ በሳምንቱ ማኅበሩ ፊት ቆመው፣ «እንግዲህ እኔም ቤት አለኝ፤ በስሜ አስገቡኝ» አሉ።

ገቡ። ግን በቡሙ ምክንያት ማኅበርተኛው እንደ አሸን ፈልቶ ስለነበር ተራው ቶሎ የሚደርስ አልሆነም። ከሁለት ዓመት በላይ ጠበቁ። ጽዋው በየወሩ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲያልፍ እትዬ እልል እያሉ እስከ መኪናው ድረስ ይሸኙታል። በነጭ ጨርቅ ጠቅልለን ከፊት ወንበር ላይ እናስቀምጠውና ቀበቶ እናስርለታለን። ይኼን ያስጀመሩት እሳቸው ናቸው። «ልጅ ይታሰር የለም እንዴ? ጽዋው ከልጅ ያንሳል?» ብለው። ከዚያ ወዲህ ሳይታሰር የሄደ ጽዋ አላየሁም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ተራቸው ለኅዳር ደረሰ። ጥቅምት ላይ ከቅዳሴ በኋላ ምድር ቤቱ ውስጥ ተሰብስበን ሳለ የማኅበሩ ሙሴ ተነሣ። የማኅበሩን መሪ ሙሴ ነው የምንለው። የእኛ ሙሴ ቢሮ የሚሠራ፣ ሸሚዙን የሚተኩስ፣ ነገር ማሳጠር የሚወድ ጎልማሳ ነበር።

«ከእንግዲህ ማኅበሩ እዚሁ አዳራሽ ቢሆን ቤተር ነው» አለ። «ቤት ውስጥ አልቻልንም። ጎረቤት ስለ ፓርኪንግ ኮምፕሌን ያደርጋል። ግማሹ ሰው ሺፍት ላይ ነው፣ ግማሹ ደግሞ ታየርድ ነው። አዳራሹን እንደሆነ ሬንት አድርገነዋል። ምግቡን ኦርደር እናደርጋለን፣ ሁሉም ሰው ሪላክስ ያደርጋል።»

ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ አፌ አያርፍም፤ «ተረኛውስ?» አልኩ።

«ተረኛ አያስፈልግም። ኮሚቴ ሃንድል ያደርገዋል።»

ጽዋውን ሦስትና አራት ጊዜ ተቀብሎ የሸኘ ሰው ተራ ቢቀር ምን ይጎድልበታል? እትዬን ዞር ብዬ ሳያቸው በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ወለሉን ያያሉ። ደሜ ፈላ። ተነሥቼ፣ «ሁለት ዓመት ቆሞ የጠበቀ ሰው በሩ ላይ ሲደርስ ይዘጋበታል? እንዲህ ያለ ማኅበር ለማን ነው የሚጸልየው?» ብዬ ጮህኩ። ሙሴው ክፉ ሰው አይደለም፤ ፊቱ ቀላ። «ኖ፣ ኖ፣ የእትዬማ ይደረጋል። የኅዳሩን እትዬ ቤት እናድርግና ከዚያ ወደ አዳራሽ እንገባለን» አለ። ተጨበጨበ።

እትዬ ግን አልጨረሱም። ኅዳር ሚካኤል ዓመታዊው ነው፤ በዚያ ዓመት የዋለው ማክሰኞ ነበር። እኛ ካናዳ ከገባን ጀምሮ ዝክሩን ሁሉ ወደ እሁድ መግፋት ለምደናል። አሁን ግን የሚከተለው እሁድ የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ ሆነ፤ ዶሮ አይሠራበትም። የሚቀድመው እሁድ ደግሞ ቀኑ ያልደረሰ ነው። እትዬ ብድግ አሉና፣ «እኔ ቤት በቀኑ ነው። ስንት ዘመን ጠብቄ ያገኘሁትን ዓመታዊ አስቀድሜ አልዘክረውም። ሚካኤል ዊኬንድ የለውም» አሉ።

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ማክሰኞ ቀትር ላይ። ትመጣላችሁ?» ብለው ሁላችንንም በየፊታችን አዩን።

በቡም ጊዜ፣ በሥራ ቀን፣ በቀትር! ግን እትዬን እምቢ የሚል አንደበት ከየት ይመጣል? «እሺ እትዬ» አለ ሙሴው። «እሺ እትዬ» አለች ከጎኑ ያለችው። «እንዴታ! እሺ እንጂ!» ከኋላ ተሰማ። እሺታው እንደ ዳቦ እየተቆረሰ ምድር ቤቱን ዞረ። እትዬ ለእያንዳንዱ እጅ እየነሡ «እግዜር ያክብርልኝ» አሉ። እሺ ይበልጣል ከሺህ ይላል ያገራችን ሰው። ያን ቀን እኔም አምኜው ነበር።

ማታውኑ ባሌን ካምፕ ደወልኩለት። እትዬ ከእኔ ጋር ስለነበሩ ስልኩን ተቀብለው እሱንም ጠየቁት። «እሺ እትዬ፣ ደስ ይለኛል!» ሲል እኔም ሰማሁት። ከሄዱ በኋላ መልሼ ደውዬ፣ «አንተ፣ ማክሰኞ እኮ እዚያው ነህ። በምን ልትመጣ ነው?» አልኩት።

«ታዲያ ምን ልበል? እትዬን ኖ ልበላቸው?» አለኝ። ሳቅን። ያን ጊዜ የሳቅኩት ሳቅ አሁን ይመረኛል።

እትዬ ሥራቸውን ያዙ። ለጠላው አሻሮ ሲቆሉ የጭስ ደወሉ ጮኸባቸውና የሕንጻው ማናጀር እየሮጠ መጣ። መስኮቱን በዚያ ብርድ ወለል አድርገው ከፍተው መቁላታቸውን ቀጠሉ፤ ማናጀሩን አንድ ወንበር ላይ አስቀምጠው ቆሎ ሰጡት። ጠላው እንዳይበርደው ከነባልዲው በብርድ ልብስ ጠቅልለው ማሞቂያው ሥር አኖሩት። እኔ ዶሮ አጥብላቸዋለሁ፣ ገበያ አደርሳቸዋለሁ። ጽዋውን የተቀበሉት ከሙሴው ቤት ነበር። ለራሳቸው ራሳቸው እልል ብለው ተቀበሉና፣ መኪናዬ ውስጥ ቀበቶውን አስረውለት በመዳፋቸው ያዝ አድርገውት ሄዱ። ቤታቸው ስንደርስ ጠረጴዛው ላይ አኑረው ፊት ለፊቱ ቁጭ አሉ። «በል እንግዲህ፣ ቤቴ ይኼ ነው» አሉት።

ማክሰኞ በረዶ ጣለ። ልጆቹን አድርሼ፣ አውቶቡሴን ከሕንጻው ማዶ አቁሜ ወጣሁ። ገበዙ በፒክአፓቸው ከምድር ቤቱ ወንበር አምጥተው ሲደረድሩ አገኘኋቸው። ወንበሩ ሳሎኑን ሞልቶ እስከ መኝታ ቤቱ በር ይደርሳል። አንዱ ላይ ልቀመጥ ስል እትዬ፣ «እዚያ ጥግ ሁኚ፣ ለሚመጡት ቦታ ተይላቸው» አሉኝ። ሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። ገበዙ ልሂድ ሲሉ እትዬ እጃቸውን ይዘው አስቀሯቸው።

ቀትር ሆነ። አባታችን መጡ። ቄሱ በሥራ ቀን ዌርሃውስ ይሠሩ ስለነበር የምሳ ሰዓታቸውን ነው ያመጡልን። የሚያብለጨልጨውን የሥራ ሰደርያ እንደለበሱ መስቀላቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ወንበሮቹን አዩ፣ እኔን አዩ። ጸለዩ፣ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ፣ ጽዋውን ባረኩ። ቆመው ሁለት ጉርሻ ጎረሱ። «የመጡትንም የቀሩትንም ያስብልን» ብለው ወደ ሥራቸው ሮጡ።

ከዚያ ማንም አልመጣም።

ኮሪደር ወጥቼ ስልኬን አነሣሁ። አንዷ «ሺፍቴን ስዋፕ የሚያደርግልኝ አጣሁ፤ ግን ሌሎቹ አሉ አይደል?» አለችኝ። አንዱ «ሜን፣ ኦፍ አልሰጡኝም፤ ሰው ሞልቷል መቼም?» አለኝ። ሙሴው ስብሰባ ላይ ሆኖ በሹክሹክታ፣ «እኔማ ሌሎቹ ይሄዳሉ ብዬ ነው» አለ። ሁሉም በሌሎቹ ተማምነው ነበር፤ ሌሎቹ ደግሞ እነሱው ናቸው። ስድብ አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት፤ በሩ ስስ ነውና እትዬ እንዳይሰሙኝ።

ስመለስ ገበዙ ሁለተኛ ብርጭቆ ጠላ ይዘዋል። «ማንን ነው የምንጠብቀው?» አሉኝ በእንግሊዝኛ።

«ማኅበሩን» አልኳቸው። ወሬ ለመቀየር ያ የመከር ራት በመጨረሻ ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«አዳራሽ ሠራን» አሉ። «ጥሩ አዳራሽ ነበር፣ ትልቅ ምድጃ ያለው። ከዚያ በፊት እኮ ዝናብ በጣለ ዓመት በረት ውስጥ ነበር የምንበላው። በመጀመሪያው ዓመት ሰው ሁሉ መጣ። በኋላ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ። በገበሬ ቤት ሲሆን ብትቀሪ ገበሬው ይቀየምሻል፣ ሚስቱም ዓመቱን ሙሉ አታናግርሽም። አዳራሽ ግን አይቀየምም።»

እትዬ «ምን አሉ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ተረጎምኩላቸው። ድፎውን እየሸፈኑ ነበር። እጃቸው ጨርቁ ላይ ቆመ።

«እኔ ግን አዳራሽ አይደለሁም» አሉ።

ድስቶቹ እንደሞሉ ናቸው፣ ወንበሮቹ እንደተደረደሩ ናቸው፣ ጽዋው ጠረጴዛው ላይ ነው። እትዬ ከወንበሮቹ አንዱ ላይ፣ በመሀለኛው ረድፍ፣ እንደ እንግዳ ተቀመጡ። አላለቀሱም። ባለቀሱ ብዬ ነበር፤ አቅፌያቸው ይወጣልኝ ነበር።

«እምቢ ቢሉኝ እኮ እሁድ አደርገው ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ከጾሙ በኋላም ቢሆን። በሽሮም ቢሆን።»

የተማሪዎቼ ሰዓት ደርሶ ነበር። ጽዋውን የሚረከብ ተረኛ ስላልነበረ እዚያው አደረ። ልጆቹን እየመለስኩ ሳለ መንገዱ በእንባዬ ይደበዝዝብኝና ዳር ይዤ እቆማለሁ፤ አንዷ ሕፃን «አር ዩ ሲክ?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

በሚቀጥለው እሁድ ሰው ሁሉ እትዬን ከበባቸው። «እትዬ ሶሪ፣ ሺፍት ሆኖብኝ ነው»፣ «እትዬ ይቅር ይበሉኝ፣ መኪናዬ በብርድ እምቢ ብሎኝ»፣ «እትዬ ሌላ ጊዜ እክሳለሁ»። ለሁሉም የመለሱት አንድ ቃል ነበር።

«እሺ» አሉ። «እሺ ልጄ። እሺ።»

ማኅበሩ ወደ አዳራሽ ገባ። ሙሴው ጽዋውን ሊያመጣ እትዬ ቤት ሄደ። «ተረኛው ይምጣና ይረከበኝ» አሉት። «እትዬ፣ አሁን እኮ ተረኛ የለም፤ ኮሚቴ ነው ያለው» ቢላቸው፣ «እንግዲያማ ለማን አስረክባለሁ?» ብለው ጠላ ቀዱለት። ጠጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ለአዳራሹ ከሱቅ አዲስ ተገዛ፤ ያማረ ነበር፣ ክዳኑ ያብለጨልጫል። በመጀመሪያው ወር ምድር ቤቱ ጢም አለ። በኋላ መሳሳት ጀመረ። ገበዙ በሩን ይዘው ቆመው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዩናል፤ ነግሬያችሁ ነበር አላሉም።

ከዚያ ቡሙ አለፈ። የነዳጁ ዋጋ ሲወድቅ ከቶሮንቶ የመጣው ወደ ቶሮንቶ ተመለሰ፣ ሙሴውም ሥራው ቆሞ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። የእንግሊዞቹ ሰበካ ሰው አልቆበት ሕንጻውን ሸጠ፤ ገበዙ የመጨረሻዋን ቁልፍ ለገዢው ሰጥተው ሲወጡ እኔና እትዬ አብረናቸው ቆመን ነበር። እኛ በደቡብ ምሥራቅ በኩል፣ ኤሪን ውድስ አካባቢ፣ ሰፊ ሕንጻ ያዝን፤ ፓርኪንግ እንደ ልብ ነው። የሚካኤል ማኅበር ግን እዚያ አልደረሰም። መቼ እንደቀረ ማንም አያስታውስም፤ ይቅር ብሎ የወሰነ ሰውም አልነበረም።

እትዬ ጉልበታቸው ሲደክም ልጃቸው ሊወስዳቸው መጣ። ዕቃቸው ወርዶ አልቆ ሳለ አስጠሩኝ። ጽዋው በነጭ ጨርቁ ተጠቅልሎ ባዶው ወለል ላይ ነበር።

«ተረከቢኝ» አሉ።

«እትዬ፣ እኔ ተረኛ አይደለሁም» አልኳቸው።

«የመጣሽው አንቺ ነሽ። ተረኛ የመጣ ነው።» ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ሰጡኝ። ኮሪደሩ ላይ ወደ ሊፍቱ ስሄድ ከኋላዬ እልል አሉ፤ በቀጭን፣ በደከመ ድምፅ። አንዲት ጎረቤት በሯን ከፍታ አየችንና መልሳ ዘጋች። መኪናዬ ውስጥ ቀበቶውን አሰርኩለት።

እትዬ ኤድመንተን ዐረፉ። ጽዋው ዛሬም እኔ ቤት ነው። ባሌ ከካምፕ ከተመለሰ ቆይቷል፤ ኅዳር ሚካኤል በዋለበት ቀን፣ ማክሰኞም ይሁን ሐሙስ፣ ሁለታችን ወንበር እንደረድራለን። አስቀድሜ ከቅዳሴ በኋላ በየተራ እየዞርኩ ሰው እጠራለሁ። «ካልቻላችሁ እምቢ በሉኝ፣ አልቀየምም፣ እምቢ ብቻ በሉኝ» እላቸዋለሁ። ይስቁና «እሺ» ይሉኛል። ተራዬ እስካሁን አላለቀም።